እበት ያበራል የተባለበት ክረምት

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ክረምት፣ ከየገጠሩ ትምህርት ቤት የተውጣጣን መምህራን ለባዮጋዝ ሥልጠና ሆሳዕና ተሰበሰብን። ከእበት ጋዝ አውጥተን፣ በጋዙ ፋኖስ አብርተን፣ ስንመለስ ገበሬውን እንድናስተምር ነበር የታሰበው። ከሌሞ፣ ከእኛ ትምህርት ቤት፣ የተላክነው እኔና የሳይንስ መምህሩ ነበርን። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። የሳይንስ መምህሩ ደግሞ በዕድሜ አባቴን የሚከተሉ የሀዲያ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። በገበያ ቀን ፈረሳቸውን የሚያስሩት አባቴ ሱቅ ደጅ ላይ ነበር።

አሠልጣኛችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "እናንተ ከእበት ጋር ነው ያደጋችሁት፤ የሚከብዳችሁ አይመስለኝም" ብሎ ሳቀ። ጉድጓዱን እኛው ቆፈርን። ዝናብ ሲሞላው እየቀዳን አፈሰስን። እበቱን ከየቤቱ ለምነን ተሸከምን። እሱ ጃንጥላ ይዞ ከዳር ያዘናል።

ጋሼ አማርኛ ሲናገሩ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉ ነበር። ኢንጂነሩ ይህን ካወቀ ወዲህ በየቀኑ አስነስቶ ይጠይቃቸዋል፤ ሲመልሱ ቃላቸውን እየደገመ ክፍሉን ያስቃል። አማርኛቸው ከጋሼ የማይሻል መምህራን ከሁሉም አብልጠው ይስቁ ነበር፤ ተራው እንዳይደርሳቸው።

"ለምን ይመልሱለታል? ዝም አይሉትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይሳቅ ልጄ፤ እኔ ትምህርቱን ነው የምፈልገው" አሉኝ።

የጉድጓዱ ኃላፊ ሲደረጉ እንደ ሹመት ቆጠሩት። ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ይመጡና እጅጌያቸውን ሰብስበው እበቱን ያማስላሉ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የት እንደምንቆፍር ሳይቀር መርጠው ጨርሰው ነበር።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ መጥቶ ፋኖሱን እንደሚለኩስ ተነገረን። ጋዙ ግን የለም። ክረምቱ ብርድ ነው፤ እበቱ አልቦካም። ኢንጂነሩ ሰው በተናገረው ቁጥር ይጮህ ጀመር። ከዚያ ከምርቃቱ ዋዜማ ጀምሮ ድንገት ረጋ፤ እንዲያውም ያፏጭ ነበር።

በምርቃቱ ቀን ዳስ ተጥሎ፣ ዳሱ በቀይ ጨርቅ አሸበረቀ። እንግዳው ክብሪት ጭረው ወደ ፋኖሱ አስጠጉ፤ ቦግ አለ። ጭብጨባውና መፈክሩ ቀለጠ። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ፣ የደከሙበት ጋዝ በየት አልፎ እንደመጣ ማየት አማራቸው መሰለኝ፣ ከፋኖሱ ጋር የተያያዘውን የጎማ ቱቦ በእጃቸው እየዳበሱ ከዳሱ ጀርባ ዞሩ።

"ጓድ ኢንጂነር!" ሲሉ ተሰማ። ድምፃቸው ውስጥ ተንኮል አልነበረም። "ይሄ ከቅጠሉ ሥር ያለው ምንድን ነው? ይህን እኮ አላስተማሩንም!"

ሁሉም ወደዚያ ጎረፈ። ጎማው የገባው ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም፤ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ሲሊንደር ላይ ነው። ሰማያዊ ቀለሙንና የተጨራመተ ጎኑን አወቅሁት። የእናቴ ቡታጋዝ ነበር። ኢንጂነሩ ምሳ እኛ ቤት ይበላ ስለነበር፣ አባቴ እንዳዋሰው በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

እንግዳው ፊታቸው ጠቆረ። ኢንጂነሩ ግን ፈጣን ነበር።

"የጉድጓዱ ኃላፊ አንተ ነህ! ይህን ያመጣኸው አንተ ነህ! አብዮቱን በእንግዳ ፊት ልታዋርድ!"

ጋሼ ሊመልሱ ሞከሩ። አማርኛው ከአፋቸው ጠፋ። ወንዱ ሴት፣ ሴቱ ወንድ ሆነ፤ በመጨረሻ በሀዲይኛ ይናገሩ ጀመር። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው፤ እንግዳውም ፈገግ አሉ።

"ሲሊንደሩ የእኛ ቤት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የወሰደው ኢንጂነሩ ነው። አባቴን ጠይቁት!"

አባቴን ከሱቁ አስመጡት። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ከኋላው ቆሟል።

"ሲሊንደሩ የማን ነው?" አሉት እንግዳው።

"የእኔ ነው ጌታዬ።"

"ማን ወሰደው?"

አባቴ ኢንጂነሩን አየ። ጠባቂውን አየ። እኔን አየኝ።

"መምህሩ ናቸው የወሰዱት" አለ። "ለቤታቸው መስሎኝ ነበር።"

"አባባ!"

"ዝም በይ አንቺ!"

ጋሼ አባቴን አተኩረው እያዩ፣ "እኔ ነኝ የወሰድኩት?" አሉ፤ እውነት የረሱት ነገር ያለ ይመስል። ጠባቂው በክንዳቸው ይዞ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ምሳ ቀርቦ እኔ አልበላም ስል አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ፣ "ሱቁን ይወርሱት ነበር። አንቺንም ይወስዱሽ ነበር" አለኝ። "እሳቸው የገጠር ሰው ናቸው፤ ይችሉታል።"

የጋሼ ባለቤት ከሌሞ በእግር እየመጡ ለታሰሩት ባላቸው ቆጮ ያቀብሉ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ዘቡ ቆጮውን በዱላ ጫፍ ይፈረካክሰዋል፤ የተደበቀ ነገር ያለበት ይመስል። እሳቸው ጭቃ ላይ የወደቀውን አንስተው፣ በነጠላቸው ጠርገው፣ መልሰው ይሰጡታል። ሲመለሱ የእኛን ሱቅ ያልፋሉ። አባቴ ሲያያቸው ወደ ጓዳ ይገባል።

ኅዳር ላይ ፀሐይዋ ጠነከረችና ጉድጓዱ እውነተኛ ጋዝ ሰጠ። ያለ ምንም ሲሊንደር ፋኖሱ በራ። ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሹመት አገኘ ሲባል ሰማን። እኔ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ባለቤታቸውን በሩ ላይ አገኘኋቸው።

"ጋዙ መጣ! ሠራ!" አልኳቸው።

"እና ይፈቱታል?" አሉኝ።

ፋኖሱ ስለበራ የተፈታ ሰው አልነበረም። ለሚመለከታቸው ሁሉ ሄጄ ተናገርኩ፤ አንዱ፣ "አባትሽ ውሸታም ነው እያልሽ ነው? እንግዲያው እሱን እንሰረው" አለኝ። ከዚያ በኋላ የምሄድበት በር አልነበረኝም። ወደ ሌሞ ተመልሼ፣ ከመስከረም ጀምሮ ከራሴ ክፍል ጋር የያዝኩትን የእሳቸውን ክፍል ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ሲፈቱ ዓመት አልፎ ነበር። ወደ ማስተማር እንዳይመለሱ ተወስኖባቸዋል። ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። እንሰቱ መሐል ተቀምጠዋል፤ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም፤ ሲናገሩ በእጃቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ።

"አባትሽ ደህና ናቸው?" አሉኝ መጀመሪያ።

"ደህና ነው" አልኩ።

ስለ ጉድጓዱ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ስናወራ ከመንገዱ ያስተምሯቸው የነበሩ ልጆች ጫጫታ መጣ፤ ትምህርት ቤት ተለቋል። ጋሼ የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ። ባለቤታቸው በሩን ገጠም አደረጉላቸው። ልጆቹ እስኪያልፉ ሁለታችንም ደጅ ላይ ቆየን።