የሙሽራዋ መኪና ቤንዚን

ዓደን፣ ሼክ ዑስማን ሰፈር ውስጥ የሞተርን በሽታ በድምፁ የሚለይ ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። እውነት ስለሆነ መናገር አላፍርም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከመኪና መመሪያ መጻሕፍት ነው፤ ስዕሉን እያየሁ ፊደሉን፣ ፊደሉን እየገመትኩ ሞተሩን አወቅሁ። ስለዚህ ያቺ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ለሰርግ በውሰት ስትመጣ፣ ባለቤቷ ቁልፉን የሰጠው ለእኔ ነው።

"ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይነዳት" አለኝ።

ሙሽራዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አባቷ ከወሎ መጥቶ ዓደን የቀረ ሰው ነው። ሙሽራው የመናዊ ነው፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ብሬቃ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራል፤ ቤታቸውም እዚያው ነው። እናቱ ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር። "የሐበሻው ልጅ በደባብ ተጭና ትመጣለች" ማለታቸው እኛ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። ደባብ እዚህ ሚኒባስ ነው። ልጅቷም ሰምታለች። በዚያች መኪና ልግባ ያለችው ለጌጥ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ማደያዎቹ ተዘግተው ነበር። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ውሃና ላምባ የተቀላቀለበት ነው። ታክሲ ይችለዋል፤ ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ግን አይችለውም። ንጹሕ ያገኘሁት ግማሽ ጀሪካን ብቻ ነበር፤ በሻሽ አጥልዬ ጨመርኩት።

ሰው የስፖርት መኪና ሁልጊዜ ቤንዚን የምትጨርስ ይመስለዋል። ሜዳ መንገድ ላይ፣ በመጨረሻው ማርሽ፣ እግሩን ለሚቆጥብ ሰው ከአሮጌ ታክሲ ብዙ አትበልጥም። የምትጠጣው ስትንፏቀቅ ነው። ሰንጋ ፈረስ ታስሮ ቢውልም ገብሱን አይተውም። እኔ ቀጥታውን መንገድ ከሰርግ ቀስታው ጋር አስልቼ ይበቃል አልኩ፤ በቂም ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ተነሣን። ሙሽራዋ ከጎኔ፣ አክስቷ ከኋላ በጠባቧ ወንበር ጉልበቷን አቅፋ። የሙሽራው ወንድም ድምፅ ማጉያ በጫነች ፒክአፕ ፊት ፊት ይመራል። ወደ ብሬቃ መታጠፊያው ስንደርስ ግን አልታጠፈም። ወደ ኾርመክሰር ባሕር ዳርቻ ቀጠለ።

"ወዴት ነው የሚወስደን?" አለች አክስትየዋ።

"ባሕር ሊያሳየን ነው። ዓደን ኖረን አይተን አናውቅምና" አልኳት።

ባሕሩ ዳር በየመቶ ሜትሩ እየቆመ ይጨፍራል፣ ቪዲዮ ያስቀርጻል። እኛ ማቀዝቀዣውን ከፍተን ከኋላው ቆመን እንጠብቃለን፤ የቤንዚኑ ጌጅ ይወርዳል። ክላክስ አስጮህኩ። እሱ መልሶ አስጮኸና እጁን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘልኝ። መብራት አበራሁ፤ ከኋላ ያሉትም ሁሉ አበሩ። በሰርግ ሰልፍ ውስጥ ተቸገርኩ የሚል ክላክስ የለም፤ ሁሉም ደስታ ነው። አክስትየዋ ደጋግማ ደወለችለት፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ምኑን ይሰማል።

ቤንዚን ሊያልቅ ሲል የምትበራው ቢጫ መብራት በራች።

"ስሚኝ ልጄ" አልኳት ሙሽራዋን። "በዚህ አካሄድ አንደርስም። ባሕሩን የሚያቋርጠው መንገድ ላይ እንቀራለን።"

"ከቀረንስ ዐሚ?" አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

"እዚያ ቆሞ የሚጭነን ደባብ ነው።"

ደባብ የሚለውን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች።

"ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ ከሰልፉም መውጣት አለብኝ" አልኩ።

"አንቱ ሰውዬ፣ አብደዋል?" አለች አክስትየዋ። "ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ይህ ሁሉ ኩል የት ሊሄድ ነው? ደግሞ ያለ አጃቢ የምትገባ ሙሽራ የት አይተዋል? ኮብልላ መጣች ነው የሚሏት።"

ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ቢጫዋን መብራት አየቻት። "ዐሚ፣ ከወጣን ትደርሳለች?"

"ካልደረሰች መፍቻዎቼን ባሕር እጥላለሁ።"

"እንግዲያው ያጥፉት።"

አደባባዩ ላይ ፒክአፑ ወደ ግራ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ ዞርኩ።

ባሕሩን የሚያቋርጠው መንገድ ላይ ስንገባ ነፋሱ ከፊት ያዘን፤ አሸዋ አስፋልቱን ይጠርጋል። መስኮት ብከፍት ነፋሱ መኪናዋን ይጎትታታል፣ ጉልበት በጠየቀች ቁጥር ትጠጣለች። ዘግቼ ነዳሁ። ውስጡ ምድጃ ሆነ። የሙሽራዋ ኩል በጉንጯ መውረድ ጀመረ፤ አልጠረገችውም። አክስትየዋ ዱዓ ታደርጋለች።

የሒስዋ ኃይል ማመንጫ ሲታየን አንድ የውሃ ቦቴ ከፊታችን ተንቀራፈፈ። ፍሬን ብረግጥ እንደገና ለማፍጠን የሚሄደው ቤንዚን አልነበረኝም። ከወዲያ ደግሞ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። ቦቴውን ለመቅደም የቀረኝን ቦታ በዓይኔ ለካሁ፤ ዓይኔ ዛሬም አይሳሳትም። ፍሬን ሳልነካ በመሀላቸው አለፍኩ። አክስትየዋ ዱዓውን አቋርጣ እኔን ረገመችኝ። መሪውን ስመልስ ሞተሩ አንዴ ሳል አለ። እጄን ሳላንቀሳቅስ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት፤ ተመልሶ ተነፈሰ።

"አሁን ምንድን ነው?" አለች ሙሽራዋ።

"ታንከሯ ግርጌ የቀረው ቤንዚን ወደ ጎን ሄዶ ነው። አታናግሪኝ።"

ብሬቃ የሠራተኞቹ ቤቶች መሀል ስንደርስ የሙሽራው እናት ደጃፋቸውን ውሃ ያርከፈክፋሉ። የቤት ቀሚስ ለብሰዋል፣ ግማሽ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ነው። ከእኛ አልፈው መንገዱን ተመለከቱ።

"አጃቢዎቹ የት አሉ?" አሉ በዓረብኛ።

ሙሽራዋ በራሷ በሩን ከፍታ ወረደች። ኩሉ አገጯ ድረስ ደርሷል። "ቀድሜያቸው መጣሁ፣ ኻላ" አለቻቸው፣ እንደ አክስቷ ጠርታ።

ሴትየዋ ፊቷን አዩ፤ ከዚያ እጃቸው ወደ ገዛ ፀጉራቸው ሄደ። "አንድ ዙር አዙረህ አምጣት" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልልበስ።"

"የአንድ ዙር ቤንዚን የለም" አልኳቸው።

ሞተሩም ቁልፉን ሳልነካው ጠፋ።

ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ሴትየዋ ባልዲውን ጣሉና የልጅቷን ክንድ ይዘው በጓሮ ወደ ማድቤት ወሰዷት። አክስትየዋ የኩሉን ቦርሳ ይዛ ተከተለች። በሩ ተዘጋ። "ዝም ብለሽ ቁሚ" የሚል ሰማሁ፤ ማን ማንን እንዳለ አልለየሁም። ከዚያ ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ሳቁ።

ሰልፉ ሲደርስ ወንድምየው ደም የሚባል ፊቱ ላይ አልነበረም። ከፒክአፑ ዘሎ ወርዶ ባዶዋን መኪና በመስታወቷ አየና ወደ እኔ ዞረ። አፉን ሳይከፍት እናቱ ወርቃቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ልጄ ከገባች ቆየች" አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። "እናንተ የት ስትዞሩ ነበር?"