ሦስት ጊዜ የሞተው የኔሬይዳ ወንድም

በአሜሪካዋ ኪ ዌስት ደሴት እኔ ፀጉር አስተካካዩ ኡባልዶ ያልላጨሁት ጢም የለም። አድሚራሉንም ኮንትሮባንዲስቱንም ባንድ ጠዋት፣ ባንድ ምላጭ ላጭቻለሁ። ሁለቱም ጎረምሳ መስለው ነው የወጡት! ለነገሩ ወሬዬ ስለ ኔሬይዳ ነው።

ኔሬይዳ የጎረቤቴ የእማማ ፍሎራ ልጅ ናት። ከኩባ በጀልባ ሲመጡ ጉልበቴ ላይ ነበር የምትደርሰው። አድጋ ራዲዮ ጠጋኝ ወጣት። ዝም ያለ ራዲዮ ስታስጮህ ማየት ነበር! የመጀመሪያዋን አሮጌ ራዲዮ የሰጠኋትም እኔው ነኝ፤ ያለ እኔ ምን ሊሆን። ታዲያ የባሕር ኃይሉ የጦር ሰፈር የመርከብ ራዲዮ እንድትጠግን ቀጠራት። ክፍሉ ምስጢር ያለበት ስለሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። መርማሪ ይመጣል፤ ባሕር ማዶ ማን አለሽ፣ ምን ይሠራል፣ ትገናኛላችሁ ወይ ይላል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟ ኤቬልዮ ኩባ ቀርቶ የዚያው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መኮንን ሆኗል፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱ አገሮች እንደ ድመትና አይጥ ነበር የሚተያዩት። እማማ ፍሎራ የሸሹትን መንግሥት ማገልገሉን የሰሙ ዕለት «ልጄ ሞተ» ብለው ጥቁር ለበሱ፤ ቄስ ጠርተው ጸሎት አስደረጉ። እኛም ሄደን አለቀስን። የኔ ለቅሶ ወደቡ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። በኛ ሰፈር እናት ሞተ ካለች ሞተ ነው፤ ስሙ አይነሳም።

ኔሬይዳም መርማሪውን «ወንድሜ ሞቷል» አለችው። ሰውዬው ቤት ለቤት ሲያጣራ ሁሉም እንደ ደንቡ ሞቷል አለ። በምን እንደሞተ ግን የተመካከረ የለም! ዳቦ ጋጋሪዋ «ባሕር በላው» አለች። ዓሣ አጥማጁ ቺቾ «ልቡን አሞት ነው» አለ። እኔ ደግሞ የመርማሪውን ጢም እየላጨሁ «በሬ ወግቶት» አልኩት፣ ከነቀንዱ ቀለም።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ሦስት ጊዜ ነው እንዴ የሞተው?» አለኝ ከአረፋው ውስጥ።

«ጠንካራ ልጅ ነበር» አልኩት።

በነጋታው ኔሬይዳ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ጋሼ ኡባልዶ፣ ዋሸሽ ብለው ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ እማዬ ዓይኔን አታይም።»

«የቱን ነው የምትፈሪው?»

«እሷን ነዋ!»

ግን ወኔ ያላት ልጅ ናት። መርማሪውን ራሷ ጠርታ፣ እናቷ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ኤቬልዮ አልሞተም፤ መኮንን ነው» አለችው። «ጥቁር ከለበስንለት ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። ዋሽቼዎታለሁ፤ ሞቷል ማለት ለምዶብኝ ነው።»

እማማ ፍሎራ ማራገቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ። መንገድ ላይ የነበርነው ሁሉ ወደ በረንዳው ተጠጋን።

«ዕድሜው ስንት ነው?» አለ ሰውዬው።

ኔሬይዳ አፏን ሳትከፍት እማማ ፍሎራ ቀደሟት፦ «በጥር አርባ ይሞላዋል። ግራኝ ነው። ባሚያ አይበላም። ጻፍ!»

በማግስቱ ጥቁሩን አወለቁ። ፈቃዱም ቆይቶ መጣ፤ ራሷ ስለተናገረች፣ ከወንድሟም ስለማትገናኝ ነው ተባለ። ድምፁን ካሰማ ግን ወዲያው ሄዳ ለመርማሪው እንድትነግር የጦር ሰፈሩ ሰዎች ቃል አስገቧት።

ዛሬ ያ በረንዳ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ሆኗል። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር የማየው ያን ከሰዓት ነው፤ ኔሬይዳ ባንድ እግሯ ጫማ ሳታደርግ በሱቄ ፊት ስትሮጥ።

«ምነው ልጄ?»

«ደወለ፣ ጋሼ! ኤቬልዮ ደወለ! ልነግራቸው እየሄድኩ ነው!»

እየሳቀ ወደ መርማሪ የሚሮጥ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ያላየሁት ነገር ትንሽ ነው። ከቤታቸው ስልኩን የያዙት የእማማ ፍሎራ ድምፅ መንገዱን ሞልቶት ነበር፦

«አሁንም ባሚያ አትበላም?»