ሰማያዊ እግር ወዳለው ወፍ አገር

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለው የጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ደረጀ መጀመሪያ ያሳዩኝ ሚዛኑን ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ሻንጣ የሚመዘንበት የብረት ሚዛን።

«ኮምፒውተሩን ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ፤ ሰው ግን ዛሬውኑ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል» አሉኝ።

እንዳሉትም ከምሳ በፊት አንድ ጎልማሳ ሁለት ሻንጣ እየጎተተ ደረጃውን ወጣ። አንደኛው ከሚፈቀደው ኪሎ አለፈ። ስንከፍተው፣ አዲስ አበባ ታክሲ ለሚነዳ ወንድሙ የገዛው የፍሬን ሸራ ነው። ሸራውን ወደዚያኛው፣ የልጆቹን ጫማ ወደዚህኛው እያዛወርን ሁለቱን አመጣጠንን። ሰውየው እየሳቀ «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ ሄደ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ይኸው ነበር፤ አንድም ትኬት አልቆረጥኩም።

ትኬት መቁረጡን እያደር ተማርኩ። የእኛ ሥራ ትልቁ ራስ ምታት ስም ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት በፓስፖርቷ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመንጃ ፈቃዷ ላይ በሌላ ትጻፋለች። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ተጓዡ ኤርፖርት ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ጋሽ ደረጀ ቢሮ ስም በስልክ አይወሰድም። «የፓስፖርቱን ፎቶ ላክልኝ በይ፤ የእናትሽ ልጅ ቢሆንም!» ይሉኝ ነበር።

ከቲኬት ኤጀንትነት ወደ ግሩፕ ሊደርነት ያደግሁት በኢየሩሳሌም ጉዞ ነው። ለትንሣኤ ምእመናን ይዤ እሄድ ነበር። ግሩፕ ሊደር ማለት መድኃኒቱን የረሳውን ፋርማሲ የምትወስድ፣ የጠፋውን የምትፈልግ፣ የተኳረፉትን አውቶቡስ ውስጥ አራርቃ የምታስቀምጥ ሴት ማለት ነው። ሥራውን ወደድኩት።

እዚያው አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሁለተኛ ቢሮ ሲከፈት ሱፐርቫይዘር ሆኜ ተዛወርኩ። እትዬ ጽጌ የመጡት እዚያ ነው።

እትዬ ጽጌ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን በሆም ኬር ሥራ፣ በየሰው ቤት አዛውንት ሲያስታምሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከአውቶቡስ ወርደው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ፊቴ ተቀመጡና «ሰማያዊ እግር ያለው ወፍ ወዳለበት አገር ትኬት ስጪኝ» አሉ።

ቀልድ መሰለኝ። «የወፉ ስም ማን ነው፣ እትዬ?»

«ስሙን ብረሳም እግሩን አልረሳም። ቀለም ውስጥ ነክሮት የወጣ ነው የሚመስለው። ደግሞ ሲራመድ፣ አዲስ ጫማ እንደገዛ ሰው እግሩን እያነሳ ያሳያል።»

ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ ሥዕሉን ሳዞርላቸው አጨበጨቡ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» «እንግዲያው አሳይዎታለሁ» አልኳቸው።

አገሩ ጋላፓጎስ ነው፤ የኢኳዶር ግዛት የሆኑ፣ ከውቅያኖስ መሐል በእሳተ ገሞራ የበቀሉ ደሴቶች። ሰው በትንሽ መርከብ ላይ እያደረ ከደሴት ወደ ደሴት ይዞርና አራዊቱን ያያል። እንዲህ ያለ ጉዞ የእኛ ቢሮ ሸጦ አያውቅም።

ጋሽ ደረጀ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዲስ አበባን እናውቃለን፣ ዱባይን እናውቃለን፣ ኢየሩሳሌምን እናውቃለን። ይሄን ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አጠናዋለሁ።»

«አንድ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ የኢየሩሳሌም ተጓዦቻችንም ሌላ ቢሮ ይሄዳሉ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ግሩፕ ሙይ፤ አንቺም አብረሽ ሂጂ።»

ግሩፑን የሞሉት እትዬ ጽጌ ናቸው። ዊተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የማኅበር ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ኮል እያደረጉ አሳመኑ። ከሴቶቹ መሐል ወይዘሮ አስቴር ባለቤቷን አቶ ለማን ይዛ መጣች። አቶ ለማ ድሮ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እዚህ ደግሞ የፓርኪንግ ሠራተኛ የነበረ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

የመርከብ ድርጅቱን ሰዎች በስልክ አሰለቸኋቸው። መሰላሉ ስንት ደረጃ አለው? ምግቡ ምንድን ነው? ጉልበቷ በኦፕራሲዮን የተቀየረ ሴት ትችላለች? ከሁሉ በላይ ግን የወፉን ነገር ጠየቅሁ። አጭሩ መስመር ወፉን የሚያገኘው አንድ ደሴት ላይ ነው፤ ረጅሙ መስመር ሁለት ደሴት ላይ። ረጅሙን ያዝኩ። ሴቶቹ «ባሕሩ በዛ» ብለው አጉረመረሙ፤ አልቀየርኩም።

ልንነሳ ስንል የእትዬ ጽጌ ልጅ ዳዊት በምሳ ሰዓቱ፣ የሥራ ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቢሮዬ መጣ። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው።

«ሲስተር፣ አይ አም ኖት ማድ፣ ኦኬ? በት ማም ጉልበቷ ሰርጀሪ ተደርጓል። ቦት ላይ? ሲሪየስሊ?»

«ዳዊት፣ አብሬያቸው ነው የምሄደው። መውረድ የሌለባቸው ቦታ አይወርዱም።»

«ፕሮሚስ?»

«ቃሌ ነው።»

ወደ ደሴቶቹ ከመብረራችን በፊት የኢኳዶር ተቆጣጣሪዎች ሻንጣ ፈተሹ። እዚያ ፍሬ፣ ዘርና ቅጠል ይዞ መግባት ክልክል ነው። አሥር ጊዜ ተናግሬያለሁ። ከአቶ ለማ ሻንጣ አንድ ከረጢት ቃሪያ ወጣ።

«ይሄ ዘር አይደለም፣ ምሳዬ ነው በያት» አለኝ። ተቆጣጣሪዋ ግን ፈገግ ብላ ቃሪያውን ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው። አቶ ለማ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው ዞር ብሎ አየው።

መርከባችን ትንሽ ናት። አስጎብኚያችን ካርላ እዚያው ደሴት የተወለደች ወጣት ነች። ደንቡን ነገረችን፤ እንስሳ አይነካም፣ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት አይቀረብም፣ ጠጠር እንኳ አይነሳም። ከመርከቧ ወደ ደሴት የምንሄደው በጎማ ጀልባ ነው። አንዳንዱ ቦታ ድንጋይ ላይ ይረገጣል፤ አንዳንዱ ቦታ አሸዋው ዳር ውኃ ውስጥ ይወረዳል።

ወጥ ቤቱ «ሰዎችሽ ሥጋ አይበሉም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይበላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይበሉም።»

«ወተትስ?»

«ረቡዕና ዓርብ አይጠጡም።»

«ኀሙስስ?»

«ኀሙስ ሁሉን ይበላሉ።» ራሱን ነቀነቀና ምስር ሊቀቅል ሄደ። ወይዘሮ አስቴር በርበሬ ይዛለት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ያለ ቋንቋ ተግባቡ።

የመጀመሪያው ደሴት ጥቁር የላቫ ድንጋይ ነው፤ እንደ ተገመደ ገመድ ተጠማዝዞ የደረቀ። አቶ ለማ በእግሩ መታ መታ አደረገው። «ይሄን ድንጋይ አሰብ መንገድ ላይ አውቀዋለሁ። ልዩነቱ እዚህ ጎማ አይፈነዳም።»

ድንጋዩ ላይ ትልልቅ ጥቁር የባሕር እንሽላሊቶች ተደራርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከባሕር የዋጡትን ጨው በአፍንጫቸው እያስነጠሱ ያስወጣሉ። አንዱ አቶ ለማ እግር ሥር ሲያስነጥስ አቶ ለማ ሳያስበው «ይማርህ!» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ እንሽላሊት ባስነጠሰ ቁጥር ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ማለት ሆነ ሥራቸው። ካርላም ቃሉን ለመደችው።

ወፉ ካለባቸው ሁለት ደሴቶች ወደ መጀመሪያው የደረስን ቀን ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። መውረጃው ድንጋይ ነው፤ ማዕበሉ የጎማ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። እትዬ ጽጌ ላይፍ ጃኬታቸውን ለብሰው ከሁሉ ፊት ተቀምጠዋል። ካርላ ድንጋዩን አየች፣ ጉልበታቸውን አየች፣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ሌሎቹን በእጅ እየያዝን እናወርዳለን። እሳቸውን አልችልም። ጉልበታቸው አንዴ ቢከዳቸው በድንጋዩና በጀልባዋ መሐል ይገባሉ።»

«ምን አለችሽ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ማዕበሉ አያስወርድም አለች።»

«ሌላውን እያስወረደ እኔን ብቻ ነው የማያስወርደው?»

«እትዬ ጽጌ፣ ለዳዊት ቃል ገብቻለሁ።»

«ለእኔስ? ወፉን አሳይዎታለሁ አላልሽኝም?»

ሁለቱንም ቃል የሰጠሁት እኔው ነኝ። ወፉ የሚገኝበት ሁለተኛ ደሴት እንዳለ ነገርኳቸው። «ባሕሩ እዚያም እንዲሁ ቢሆንስ?» አሉኝ። አይሆንም ማለት አልቻልኩም። ብቻ አላስወረድኳቸውም።

አቶ ለማ «እኔም ልቅርና ላጫውትዎት» አለ።

«ሂድ ባክህ! አንተን ለማየት አልመጣሁም» አሉት።

ሌሎቹ ወረዱ፤ እኔና እሳቸው ወደ መርከቧ ተመለስን። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሻይ አመጣሁላቸው፤ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

በኋላ ራሳቸው ጀመሩ። «አሌክሳንድሪያ አንድ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ባለቤቴ ያረፈበት ዓመት ነው። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ሳቅ የሚባል ነገር ግን ጠፍቶብኛል። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ቲቪ ላይ የአራዊት ፕሮግራም ነው የሚያየው። አንድ ቀን ያ ወፍ እግሩን እያነሳ ሲጨፍር ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ደነገጠ። ‹ጽጌ፣ ለካ መሳቅ ትችያለሽ!› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስገባ ወፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። መናገር ካቃተውም በኋላ ሪሞቱን እንደ ያዘ ይጠብቀኝ ነበር።»

«አረፉ?»

«አረፈ። ሄዶ ሊያየው ይመኝ ነበር። እኔ እግር እያለኝ ልየው አልኩ፤ ይኸው ነው።»

ሰዎቹ ሲመለሱ አንዳቸውም የወፉን ነገር አላነሱም። ተማክረው እንደመጡ ገባኝ። አቶ ለማ ፊቱን አኮሳተረና «ወፍ የሚባል የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው» አለ።

እትዬ ጽጌ አዩት። «ለማ፣ መዋሸት እንኳ አትችልበትም። ሰማያዊ ነው አይደል?»

አቶ ለማ መሬት መሬት አየ። «በጣም ሰማያዊ ነው» አለ።

ያኔ ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ሁለተኛው ደሴት ከመድረሳችን በፊት ካርላ ብቻዋን በጎማ ጀልባዋ ሄዳ ዳርቻውን አይታ መጣች። ገና ከሩቅ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ቦታው አሸዋ ነው፣ ውኃውም ረጋ ብሏል።

እትዬ ጽጌ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ሁለት መርከበኞች ግራና ቀኝ ያዟቸው። ውኃው ጉልበታቸው ድረስ ሲደርስ «በስመ አብ! ይቀዘቅዛል!» ብለው ጮኹና ቀጥ ብለው ወደ ዳር ወጡ። ከአሸዋው ላይ አንዲት የባሕር አንበሳ ቀና ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ተኛች።

መንገዱ አጭርና ደልዳላ ነው። በከዘራቸው እየተደገፉ፣ እኛም በእሳቸው እርምጃ እየሄድን፣ ወፏን መንገዱ ዳር ተቀምጣ አገኘናት። እንቁላል ታቅፋለች። እግሯ ከሥሯ ተደብቋል፤ ቡናማ ክንፍና ረጅም ምንቃር ብቻ ነው የሚታየው።

«እግሯስ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«እንጠብቅ» አለች ካርላ።

ጠበቅን። አቶ ለማ እንኳ ዝም አለ። ፀሐዩ ጠነከረ፤ ጃንጥላ ዘረጋሁላቸው። ወንዱ ከባሕር በኩል መጥቶ ድንጋዩ ላይ ዱብ አለ። ደረቱን ነፋ። ከዚያ አንዱን እግር አነሳና አሳያት፤ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ፤ አስቀመጠው። እውነትም ቀለም ውስጥ የገባ ነው። ሴቷ ዞር ብላም አላየችው። እሱ ግን እንደገና ጀመረ።

እትዬ ጽጌ ሳቁ። መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ተዉት። ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ከዘራቸውን እኔ እስክይዝላቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሁላችንም አብረን ሳቅን። ወፉ ለእሱ የተጨበጨበለት ይመስል ጭፈራውን ቀጠለ።

ወደብ እንደደረስን እትዬ ጽጌ ሲስቁ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለዳዊት ላክሁት። ወዲያው ደወለ። ለወትሮው እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ በአማርኛ «እማዬ ናት እንደዚህ የምትስቀው?» አለ። ቀጥሎም «በሚቀጥለው እኔም እመጣለሁ» አለኝ።

ስንመለስ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ጋሽ ደረጀ እንደፈሩት ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ስለ ደሴቶቹ በሚጠይቁ ሰዎች ስልኩ ማቆሚያ አጣ። ዛሬ ቢሯችን ኢየሩሳሌምን ለትንሣኤ፣ ደሴቶቹን ለዕረፍት ወራት ይሸጣል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ኤጀንት ሲቀጠር ግን አንዳንድ ቀን እየተጠራሁ አሠለጥናለሁ።

ለእነሱ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ተጓዥ ለአንድ ነገር ብሎ ከቤቱ ሲወጣ፣ ያ ነገር ከአንድ ቦታ በላይ የሚገኝበትን መስመር ያዙለት። መንገዱ ቢረዝም፣ ግሩፑም ቢያጉረመርም ያዙለት።