የቁልምጫ ስሜ ባለቤት

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ባለቤት አለው፤ ከነማኅተሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። ባለቤቱ ደግሞ እኔ አይደለሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስሙ ግን የእኔ ነበር። እናቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ፈረቃ ሲደርሳት አቃቂ በሰቃ ሰፈር፣ ግድግዳ ከምንጋራቸው ጎረቤታችን ዘንድ ትታኝ ትሄዳለች። እኚህ ሴት፣ እትዬ የምላቸው፣ የእኔ እኩያ የሆነች ልጅ ነበረቻቸው። የገዛ ልጃቸውን በትምህርት ቤት ስሟ ነው የሚጠሯት። ለእኔ ግን የቁልምጫ ስም አወጡልኝ። በዚያ ስም ከእሳቸው በቀር የጠራኝ የለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አቆላምጦ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀሩኝ።

ከልጃቸው ጋር አብረን አደግን፤ ኮምፒዩተርም አብረን ተማርን። ከዚያ እሷ ተመነጠቀች። የራሷን የሶፍትዌር ድርጅት ከፈተች፤ መስታወት በር ያለው ቢሮ፣ መኪና፣ ቴሌቪዥን ላይ ቃለ መጠይቅ። እኔ ሳሪስ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። "እንኳን ደስ ያለሽ!" ብዬ አቅፌ ስሜያታለሁ። በሆዴ ግን እርር ድብን እል ነበር። ምኗ ነው የሚበልጠኝ? ሒሳብ የማስኮርጃት እኔ አልነበርኩም እንዴ!

እልህ ይዞኝ እኔም ለቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አንድ መተግበሪያ ሠራሁ። ሰርቪሱ የት እንደደረሰ በስልክ ያሳያል፤ ሰው በማለዳ ጭቃ ላይ ተገትሮ እንዳይጠብቅ። ስም ሲያስፈልገው ሁለቴ አላሰብኩም፤ የቁልምጫ ስሜን ሰጠሁት። ስቲከር አሳትሜ ለሾፌሮቹ አደልኩ፤ በየሰርቪሱ መስታወት ላይ ለጠፉልኝ። ማስመዝገቡን በኋላ አልኩ። የገዛ ስሜን ማን ይወስድብኛል?

ወራት ቆይቼ የንግድ ምልክት ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ስሙን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

"እህቴ፣ በዚህ ስም ለሶፍትዌር ያመለከተ ሰው አለ። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ጋዜጣ ላይም ወጥቷል።"

የአመልካቿን ስም አነበብኩ። የእትዬ ልጅ!

ወይ ነዶ! ቢሮ አላት፣ መኪና አላት፣ እናት አለቻት፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስም? ዓይን አውጣ!

"መቃወም ትችያለሽ፤ ቀነ ገደቡ አላለፈም" አለኝ ባለሙያው። "ብቻ ቀድመሽ ትጠቀሚበት እንደነበር ማስረጃና ምስክር አምጪ።"

ስቲከሩና ሾፌሮቹ ይበቁኝ ነበር። አሳምሬ አውቃለሁ። እኔ ግን የፈለግሁት እናቷ እንዲፈርሙልኝ ነው፤ ለእኔ፣ በልጃቸው ላይ። ለቅናት ማሸነፍ ብቻ አይበቃውም።

እሁድ ዕለት የምስክርነት ቃል ጽፌ አቃቂ ወረድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። "እውነት አይደል እንዴ? ስሙን ላንቺ ያወጣሁት እኔ ነኝ" ብለው ፈረሙ። ተቃውሞው በማን ላይ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ወረቀቱ ላይ ሆን ብዬ "አመልካቿ" ብቻ ነበር ያልኩት። እሳቸው ቁርስ ላቅርብልሽ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ልጃቸው በፌስታል ብርቱካን አንጠልጥላ የገባችው ይሄኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አንስታ ቆማ አነበበችው።

"እናቴን አስፈረምሻት?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አንቺስ ስሜን አልሰረቅሽም?"

"ስምሽ!" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እማዬ ያንን ስም በጠራች ቁጥር ቀድሜ 'አቤት' የምለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን 'አዎ፣ አንቺን ነው' ትለኛለች ብዬ። አንቺ እኮ ሮጠሽ ስትመጪ ወደ እኔ ዞረሽ እንኳ አታዪም። አሁን ቢያንስ ደንበኛ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራኛል።"

በእኔ ነው የምትቀናው? ይቺ ባለ መኪና? በእኔ?

ከጓዳ እትዬ ስሙን ጠሩ፤ እንደ ድሮው ጫፉን ጎተት አድርገው።

አፌን ያዝኩ። እስቲ አንዴ እሷ ትበለው ብዬ።

"አቤት፣ እማዬ" አለች።

"መጣሽ እንዴ? አንቺን አይደለም" አሉ እትዬ። "እሷን ነው። መጥታ ሰሃኑን ትቀበለኝ።"

ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ ፊቷ ሲከስም እያየሁ ደስ አለኝ። ሰሃኑን ተቀብዬ ስመለስ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ቀነ ገደቡ አለፈ። መተግበሪያዬን ሌላ ስም ሰጠሁት፤ ሾፌሮቹም አዲሱን ስቲከር በአሮጌው ላይ ለጠፉት። ያን ስም የያዘው የእሷ ማስታወቂያ ሳሪስ፣ ታክሲ የምይዝበት ቦታ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይላል፤ አፌ ግን ሳላዘው "አቤት" ይላል።