ማሽላ በዓሣ

ሰሞኑን ባሮ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያሉ ቀበሌዎችን አጥለቅልቋል። እዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ እያሰባሰብን ነው፤ እኔም ትናንት ዱቄት ይዤ ሄድኩ። የሚረከበው ወጣት «እነሱ እኮ ያገኙትን ይቀበላሉ፤ ምን ምርጫ አላቸው?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን አባቴን እያሰብኩ ቤቴ ደረስኩ።

ያደግኩት ኢታንግ አጠገብ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በቆሎው ሊሰበሰብ ጥቂት ሲቀረው፣ ወንዙ ገንፍሎ ቤታችንንም ማሳችንንም ወሰደው። ያተረፍነው ታንኳውን፣ የአባቴን መረብና የለበስነውን ብቻ ነበር። ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሸራ ወጥረን ተቀመጥን። ከጋምቤላ የሚመጣው መንገድ በመቆረጡ የእርዳታ መኪና አልደረሰልንም። ከውሃው የለቀምነውን በቆሎ እየቀቀልን በላን፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ትንሹ ወንድሜ ኦጁሉ መጀመሪያ በረሃብ ያለቅስ ነበር፤ በኋላ ማልቀሱንም ተወው። እናቴን ያስፈራት ይሄኛው ነው።

አባቴ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሃውን ያያል። ወንዝ ያሳደገው ሰው ከወንዙ ጋር የተኳረፈ ይመስል መረቡን እንኳ አልነካውም።

አንድ ቀን ከጣቢያው ኛዴንግ የምትባል ሴት መጣች። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ልጆቿን ይዛ የሸሸች ናት። ከራሽኗ የቀነሰችውን ማሽላ በጆንያ ተሸክማ አምጥታ እናቴ ፊት አስቀመጠችው።

«መልሺው» አላት አባቴ። «አገሩ የእኔ ነው፤ አንቺ እንግዳ ነሽ። እንግዳ ባለቤቱን አይቀልብም።»

በደጉ ጊዜ «ዛፋችንን ለማገዶ ጨረሱት» እያለ ስደተኞቹን ሲያማ የኖረው እሱ ነው። ኩራት እራቱ የሚባል ዓይነት ሰው ነበር፤ ችግሩ እኛንም በዚያው እራት ሊያሳድረን ነው። በጣም ተናደድኩበት። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ እጇ ግን ከጆንያው አልተነሳም።

ኛዴንግ መረቡን አየች፤ ቀጥሎ ወንድሜን። ገበያ ላይ በለመደችው አማርኛ፣

«እኔ በነጻ አላመጣሁም» አለች። «ዓሣ ፈልጌ ነው። ልጆቼ ማሽላ ብቻ ሰለቻቸው።»

«ዓሣ የለኝም።»

«መረብ አለህ። ውሃ አለ። ነገ እመጣለሁ።»

መቼም ውሃ አልጠፋም። አባቴ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «አምባዛ ነው ቆሮሶ የምትፈልጊው?» ብሎ ጠየቃት።

ያን ዕለት ገንፎ በላን። ኦጁሉ ጣቱን እየላሰ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ አባቴ ታንኳውን ገፋ፤ እኔ ከኋላ ቀዘፍኩ። መረቡን የጣልነው በቆሏችን በነበረበት፣ በገዛ ማሳችን ላይ ነው። ኛዴንግ ስትመጣ ከያዝነው ሁሉ ትልቁን አምባዛ መርጦ ሰጣት። የእርዳታው እህል ከደረሰም በኋላ ማጥመዱን አልተወም።

ልጆቿ እውነት ማሽላ ሰልችቷቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለተቸገረ ሰው እህል መስጠቱንስ ችዬበታለሁ፤ እሷ እንደሰጠችው መስጠት ግን ገና አልሆነልኝም።

አባቴ አምና አረፈ። ኛዴንግ ከትየርኪዲ ድረስ ለለቅሶ መጣች። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲናገር እሷም ተራዋን ጠብቃ ተነሳች።

«ጎርፍ ቤቱን ሲወስድበት» አለች፣ «ይህ ሰው ልጆቼን ዓሣ አብልቷል።»

ስለ ማሽላው አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተቀመጠች።