ክዳኑ ላይ ሁለቴ

እናቴ ስትሞት ከእጇ በሕይወት የቀረው እርሾዋ ብቻ ነበር። ጉደር ካለው ቤቷ ከነባልዲው አንስቼ አምቦ ወደተከራየኋት ክፍል አመጣሁት። እናቴ ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ሁለቴ በጣቷ ታንኳኳ ነበር። ለምን ስላት፣ «የተኛ ላይ ድንገት አይከፈትም» ትለኝ ነበር።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ የክፍል ልጆች እንደ ትልቅ ሴት በኦሮምኛ «አዴ» ይሉኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰው መምህራችን ስለ እርሾ ሴል አስተማረን። ጂን የሚባለውን፣ የሴሉን የዘር መመሪያ፣ የሚያበሩ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዱ ራሱ የሚሠራበትን ጂን ያበራል፤ ከዚያ በሚሠራው አዲስ ፕሮቲን ራሱን እየተካ ይቀጥላል።

«መጀመሪያ ያስጀመረው ምልክት ከጠፋስ?» አልኩት።

«ሊቀጥል ይችላል። እናት ሴል ፕሮቲኑን ለልጇ ታካፍላለች፤ ልጅቷም ውስጥ ያንኑ ጂን ያበራል።»

«እስከ መቼ?»

«አዴ፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ አልሳቀም። «ፕሮቲኑ በጣም እስኪሳሳ ድረስ። ከሳሳ ይጠፋል፤ በራሱም ተመልሶ አይበራም።»

ቃል በቃል ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እርሾውን ወደ ድስት ገልብጬ ባልዲውን በበረኪና ፈተግኩ። ላቦራቶሪ እንዲያ ነው የተማርነው። እናቴ በውሃ ብቻ ነበር የምታጥበው፤ እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ። አንዴ ብቻ አለቅልቄ እርሾውን መለስኩበት። ያቦካሁት ሊጥ ሦስት ቀን ሙሉ ጭጭ አለ። ሽታው የበረኪና ነበር።

ጉደር ሄድኩ። እናቴ እርሾ ላለቀበት ጎረቤት ሁሉ ትሰጥ ስለነበር፣ አጥር የሚጋሯትን ሴትዮ ጠየቅኋቸው።

«ከወሰድኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ» አሉ። «በየሳምንቱ ዱቄትና ውሃ ስጨምርበት ኖሬ፣ የሷ ይሁን የኔ በምን አውቃለሁ ልጄ?»

ይህን እያሉ ወደ ባልዲያቸው ጎንበስ አሉ። ክዳኑን ሁለቴ አንኳኩ።

«ለምንድን ነው የሚያንኳኩት?» አልኳቸው።

ጣታቸውን አዩት። «እኔንጃ። እናትሽ ስታደርግ አይቼ ይሆናል። ለመደብኝ።»

አንድ ጣሳ ሰጡኝ። አምቦ ተመልሼ አቦካሁበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባልዲው አጠገብ ተንበርክኬ ሁለቴ አንኳኳሁ፤ ጆሮዬንም ክዳኑ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት አረፋ ስትፈነዳ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ።

ቶሎ አልከፈትኩትም።