ቀድሞ የተሰቀለው ዜሮ

ኒካኖር የቤዝቦል ሜዳችን የውጤት ሰሌዳ ጠባቂ ነው። በየዙሩ የተገኘውን ነጥብ መሰላል ላይ ወጥቶ በቆርቆሮ ቁጥር ይሰቅላል። የእኛ የሸንኮራ ቆራጮቹ ቡድን የመምታት ተራ ሲሆን ግን ዙሩ ሳያልቅ ዜሮ ይሰቅልና ወርዶ ጥላ ሥር ይጋደማል።

«ኧረ ገና እየተጫወቱ ነው!» ትለዋለች ሙዝ ጠባሿ ዶኛ ኦቲሊያ።

«ሸንኮራ ቆራጭ ምን ነጥብ ያመጣል ብለሽ ነው?»

የራሱም አባት ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። የሚያናድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው፤ ቡድናችን መሸነፍ ልማዱ ነበር።

በዚያ ዓመት እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ለጥሎ ማለፍ ደረስን። የገጠመን የዋና ከተማው ቡድን ነው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። ኒካኖር ሮጦ የአሠልጣኛቸውን የዶን ኤቫሪስቶን ሻንጣ ተሸከመ።

«ስታዲየማችን ሰሌዳ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል» አሉት ሰውየው። «ሁሉም ሲያልቅ አውቶቡሱ ጋ ጠብቀኝ።»

ከዚያ ወዲያ ኒካኖር «እኛ» ሲል እነሱን ማለቱ ሆነ።

የመጀመሪያውን እነሱ አሸነፉ፣ ሁለተኛውን እኛ። «ፀሐይ መትቶን ነው» አለ ኒካኖር። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ዙር፣ አራት ለሦስት እየመሩን ነበር። ሁለት ሰው ወጥቶብናል፤ አንድ ከተጨመረ አለቀልን። ሁለት ሯጮቻችን ሮጠው ነጥብ ሊያስቆጥሩ ሜዳው ላይ ይጠብቃሉ። ሊመታ የቆመው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኳስ ያልነካው ቱሊዮ ነው።

ኒካኖር ዜሮውን ሰቀለ። «ነፍስ ይማር!» ብሎን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ቱሊዮ አንዱን ሳተ፤ ሌላውንም ሳተ። ሦስተኛውን እንደ አገዳ ገመሰው። ኳሱ እየተንከባለለ አጥሩ ሥር እስኪደርስ ሁለቱም ሯጮች ገቡ። አምስት ለአራት፣ አሸነፍን!

ኒካኖር ጩኸቱ የነሱ ደስታ መሰለው። ዶን ኤቫሪስቶ ሲመጡ ጎንበስ አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ! እኔማ ቀድሜ አውቄያለሁ!»

ሰውየው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ያን ዜሮ አንተ ነህ የሰቀልከው?»

«ለእናንተ ብዬ ነዋ!»

«የኔ ልጆችም አለቀ ብለው ነው የተበሉት። የአንተ ዓይነቱ ሞልቶኛል።» ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

«ጌታው፣ ጥለውህ ሄዱ እንዴ?» አለች ዶኛ ኦቲሊያ። «የበሬ ጋሪ አለልህ፣ ሸንኮራ ሸንኮራ ይሸታል እንጂ!»

ከተማችን ከሜዳው ሩቅ ነው፤ ኒካኖር ቱሊዮን በያዘው ጋሪ ጫፍ ላይ ወጣ። አንዳንዶች አዘኑለት። እኔም ክፉ ሆኜ ይሆናል እያልኩ ላዝን ሞከርኩ። ገበያው ጋ ስንደርስ ግን ሕዝቡ ለቱሊዮ እልል ሲል፣ ኒካኖር ከጋሪው ጫፍ ተነስቶ እጁን እያውለበለበ አጸፋ ይመልስ ነበር።